አቦል ላይ ዐሥር፣ ቶና ላይ ዐሥር

ይህ ደብረ ማርቆስ ላይ ለታዳጊ ሯጮች፣ ለአሰልጣኞችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍኩት። «እ…» እያልኩ የቆምኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቻለሁ። ብዙ ነበሩ።

እንደምን ዋላችሁ!

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ! እንዲህ ነው እንጂ።

ምሳ በልታችኋል? ያልበላ አለ? እጃችሁን አውጡ፤ አታፍሩ። አንድ፣ ሁለት… ሦስት። እናንተ ሦስታችሁ ንግግሩ ሲያልቅ እንዳትሄዱብኝ። ጉዳይ አለኝ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አሰልጣኞች፣ ከኋላ ቁምጣችሁን ለብሳችሁ የተደረደራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክ ይዤ መቆም አልለመድኩም። እኔ የለመድኩት የሰው እግር ይዤ መቆም ነው። (ሳቅ)

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ከሩጫ ተነስቼ እንዴት ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የተጎዳን ሰውነት በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ እንደሆንኩ። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንዳልሆነ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ መካከል በዚህ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ልጅ ምን ያስፈልገዋል። ሰዓት ካጠረን ሦስተኛውን በሩጫ እጨርሰዋለሁ።

እሺ፣ አንደኛ።

የተወለድኩት ከጮቄ ሥር፣ ስናን ነው። ጮቄን የማታውቁት የላችሁም፤ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። እኛ ሰፈር ጠዋት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ጉም ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር። «እየሮጥኩ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው» የሚለውን ታሪክ ከስንት ሯጭ ሰምታችኋል? ከሁሉም! እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እየሮጥኩ የምሄደው ስለምዘገይ ነው። የምዘገየው ደግሞ ውኃ ቀድቼ፣ ጥጃ አስሬ፣ ታናሽ ወንድሜን ፊቱን አጥቤ ስለምወጣ ነው። ሩጫ ፍቅር አልነበረኝም። የነበረኝ የሰልፍ ሰዓት ያለፈበትን ተማሪ በር ላይ ቆሞ በአርጩሜ የሚጠብቅ መምህር ነው። (ሳቅ)

ብቻ እግሬ ፈጠነ። የወረዳ ውድድር ላይ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ማሰልጠኛ ወሰዱኝ። 22 ልጆች ነበርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እንነሳለን፣ እንሮጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንሮጣለን። ጥሩ ጊዜ ነበር። አሁንም ድረስ ጓደኞቼ የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው።

ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። እኔ ደግሞ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ጠዋት 15 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን ቆይቼ፣ ሽሮ በእንጀራ በልቼ፣ ዐሥር ሰዓት ተመልሼ እሮጣለሁ። ክብደቴ ወረደ። ጉንጬ ገባ። አሰልጣኛችን አየኝና ምን አለ? «አሁን ሯጭ መሰልሽ!» ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አባቶች፣ አሁን የምናገረውን ይቅር በሉኝ፤ ግን እናገረዋለሁ፤ ካልተናገርኩት የመጣሁበት ጥቅም የለውም። የወር አበባዬ ቀረ። አንድ ወር ቀረ፣ ሁለት ወር ቀረ፣ ሰባት ወር ቀረ። ለማን ልንገር? ለአንዲት ታላቄ ነገርኳት። «እኔም የለኝም፤ ይኼማ ጠንክረሽ መሥራትሽ ነው» አለችኝ። እኔም እንደ ሜዳሊያ ያዝኩት።

ከዚያ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። የቀኙ፣ ውስጠኛው ጎን ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ጋት ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ሮጬ ስጨርስ ነበር የሚያመኝ። ቀጥሎ ገና ስነሳ። በመጨረሻ ሌሊት ጋቢዬን ተከናንቤ እንደተኛሁ። አሰልጣኛችን ምን አለ? «ዋጥ አድርጊው!» ዋጥኩት። አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ፤ ራጅ ተነሳሁ። «አጥንትሽ ንጹሕ ነው» ተብዬ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠኝ። እሱንም ዋጥኩት። ኪኒን እየዋጥኩ ሁለት ሳምንት ሮጥኩ።

ይህን ጊዜ እናቴ መጣች። ቅቤ በቅል ይዛ። ያለምንም ወሬ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ።

አሁን ምን እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። «ወጌሻው አሽተው አሽተው እግሯን አበላሹት» እንድል ነው የጠበቃችሁት። አይደለም። ሰውየው ሸምግለዋል። ደጃፋቸው መደብ ላይ አስቀመጡኝና እግሬን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ቅቤውን አልነኩም። በአውራ ጣታቸው ብቻ ከጉልበቴ ጀምረው ቅልጥሜን እየተጫኑ ወረዱ። ቀስ፣ ቀስ እያሉ። ዓይናቸው እግሬ ላይ አይደለም፤ ፊቴ ላይ ነው። አንዲት ቦታ ሲደርሱ ጮህኩ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነበር፤ ግን ጮህኩ። ጣታቸውን አነሱ። አንድ ጣት ከፍ ብለው ተጫኑ፤ ደህና ነኝ። አንድ ጣት ዝቅ ብለው ተጫኑ፤ ደህና ነኝ። ተመልሰው እዚያችው ላይ ሲጫኑ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ይህ ወለምታ አይደለም» አሉ። «ውልቃትም አይደለም። አጥንቷ ሊሰነጠቅ ነው። እኔ ካሸሁት እሰብረዋለሁ። ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«ሐኪም ቤት ምንም የለባትም አሉ እኮ!» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ተመልሳ ትታይ።»

ብር አልተቀበሉንም። ቅቤውን ግን ተቀበሉ። (ሳቅ)

በሁለተኛው ራጅ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ታየች። ከዓመታት በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር መምህራችን እንዲህ አለን፤ በድካም የሚሰነጠቅ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ጣታችሁን እመኑ፤ ሕመሙ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ከጮኸ ተጠራጠሩ። አውራ ጣቱን እየተጫነ አሳየን። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ያንን ትምህርት በቅል ቅቤ ተምሬዋለሁ።

አጥንቴ ለምን ተሰነጠቀ? ይህን ቆም ብለን እንየው። አጥንት እንጨት አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስትሮጡ በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል፤ ስታርፉና ስትበሉ ራሱን ይጠግናል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ጠንክሮ ይጠግናል። ግን ለጥገናው የሚሆን ነገር ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ መጀመሪያ ምኑን ታስቀራላችሁ? ድግሱን። ቀጥሎ? ቤት ማደሱን። ጣሪያው ያፍስስ፣ ቆይ እንደርሳለን ትላላችሁ። ሰውነትም እንደዚያው ነው። ለሩጫው ከወጣው ጉልበት የተረፈው ምግብ ካልበቃ መጀመሪያ የወር አበባውን ያስቀራል። ቀጥሎ የአጥንቱን ጥገና ያዘገያል። ለዚህ በፈረንጆቹ 2014 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስም አወጣለት፤ ሬድ-ኤስ ይሉታል። ወንዶች፣ አትሳቁ፤ እናንተንም ይይዛችኋል። በእናንተ ላይ ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ እንዲያውም ይብሳል።

ስለዚህ ጹሙ፤ እኔም እጾማለሁ። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የጾም ሰዓታችሁንና ሥልጠናችሁን አስማሙ። አሰልጣኞች፣ በሁዳዴ ኪሎ ሜትሩን መቀነስ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአጥንት ጉዳይ ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሽሮ ብቻ አይበቃም። ምስር አለ፣ ሽምብራ አለ፣ ተልባ አለ፣ ኑግ አለ። ኑግ የጠፋበት ጎጃም አለ እንዴ? እናንተ ያልበላችሁት ሦስት ልጆች፣ እየሰማችሁ ነው?

እሺ። ከሩጫ ታገድኩ። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ላኩኝ። ሁለት የእንጨት መደገፊያ፣ አንድ የቆመ ብስክሌት፣ አንድ ትልቅ መስታወት። ባለሙያው ደብተር ግዢ አለኝ። «ምን ሊጻፍበት?» አልኩ። «ቁጥር» አለ። ከዚያ «በግራ እግርሽ ብቻ 30 ሰከንድ ቁሚ» አለኝ። ሳቅሁበት። 15 ኪሎ ሜትር ሮጬ የምመለስ ሰው ነኝ፤ 30 ሰከንድ መቆም ምንድን ነው? ቆምኩ። 11 ላይ ወደቅሁ! ያልታመመው እግሬ እኮ ነው! ዞርኩ፤ ያየኝ ሰው አለ ብዬ።

ነበረ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዟቸዋል። ፊታቸው ሁለት ጣሳ አለ፤ አንዱ ውስጥ ባቄላ። በታመመው እጃቸው አንድ አንድ ባቄላ እየለቀሙ ወደ ሌላው ጣሳ ማዛወር ነው ሥራቸው። አንዷን ባቄላ ለማንሳት ግንባራቸው ያልባል። በግራ እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ወደቅሽ?» አሉኝ።

«ወደቅሁ አባ።»

«በይ እንግዲያ ነይ ቁጠሪልኝ። እኔ ጸሎቴን ስቆጥር ባቄላው ይጠፋብኛል።»

ቆጠርኩላቸው። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ባቄላ። በማግሥቱ ስምንት። አንድ ቀን ወደ አምስት ወረዱ፤ ተናደዱ፣ ጣሳውን ገፉት። እኔ ባቄላውን ከመሬት ለቀምኩ፤ መልሰን ጀመርን። ሳምንታት አለፉ። እኔ በደብተሬ የራሴን ሰከንድ እጽፋለሁ፤ በጀርባው የሳቸውን ባቄላ። 60 ደረሱ። አንድ ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። «ዛሬ ፊቴን በሁለት እጄ ታጠብኩ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ገብተው ተቀመጡና ጣሳቸውን ጠየቁ።

ብዙ ሰው «ለምን ሩጫ ተውሽ?» ይለኛል። አልተውኩም! አጥንቴ ዳነ፤ 1 ደቂቃ ሮጬ 4 ደቂቃ እየተራመድኩ ጀመርኩ፤ ተመለስኩ። በክልል ውድድር 11ኛ ወጣሁ። 11ኛ መጥፎ አይደለም። ግን ያን ቀን መስመሩን አልፌ ስቆም ያሰብኩት ሰዓቴን አይደለም። ሽማግሌው ዛሬ ማን ቆጠረላቸው ይሆን ብዬ ነው። ያኔ ገባኝ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል ሁለት ነገር ነው የሚታየው። ወይ ማሳጅ፤ ወይ ደግሞ ኳስ ጨዋታ ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ እየሮጠ ገብቶ የወደቀው ልጅ ጉልበት ላይ «ፍሽሽ» የሚያደርግ ሰው። ማሸት አለበት፤ አልክድም። ግን ሥራው ሌላ ነው። ሥራው መጠን ነው። ሐኪም «ይህን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ» እንደሚለው፣ እኔ «ይህን እንቅስቃሴ በቀን ይህን ያህል ጊዜ» እላለሁ። ካነሰ አያድንም። ከበዛ ይጎዳል። የቱ ነው ልኩ? መቼ ይጨመር? መቼ ይቀነስ? ዩኒቨርሲቲ የምንለፋው ለዚህ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እውነተኛ ነው። ሀካን አልፍሬድሰን የሚባል የስዊድን የአጥንት ቀዶ ሐኪም አለ። ራሱ ሯጭ ነው። የተረከዙ ጅማት፣ ያ ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ወፍራሙ፣ ያመው ጀመር። አለቃውን «ኦፕራሲዮን አድርገኝ» አለው። አለቃው «አልተበጠሰም፤ አላደርግህም» አለ። «ቢበጠስስ?» «ያኔማ የግድ ነው።» ሰውየው ምን አሰበ መሰላችሁ? ልበጥሰው! (ሳቅ) ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቹ ቆሞ፣ ተረከዙን ወደ ታች እየለቀቀ፣ ሸክም እየጨመረ በየቀኑ ጅማቱን ያሠቃየው ጀመር። ሊበጠስለት! ጅማቱ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ ዳነ።

ከዚያ 15 ሯጮችን በዚሁ መንገድ አሠራቸውና በፈረንጆቹ 1998 ጥናቱን አሳተመ። ሁሉም ወደ ሩጫ ተመለሱ። መጠኑ ይህ ነው፤ ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ጎበጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለ12 ሳምንት። ቁጠሩት። በቀን 180 ነው። በ12 ሳምንት 15,120። አሁን ንገሩኝ፤ አንድ ነገር 15,120 ጊዜ የሚደጋግም ሰው ከየት ይመጣል? ከኋላ ቁምጣ ለብሰው የተቀመጡት ናቸዋ! ሯጭ ለዚህ ሥራ ይሆናል የምለው ለዚህ ነው። ስለ ሰውነት ስለሚያውቅ አይደለም። ዛሬ ያደረገው ነገር ዛሬ እንደማይታይ ስለለመደ ነው። ጠዋት ሮጦ ማታ ፈጠንኩ የሚል ሯጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግን ሯጭ የሚተወውም አለ። «ዋጥ አድርጊው» የሚለውን። እኔ ሥራ ስጀምር ታማሚዬን «ቻሉት፣ ቻሉት» እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት «አንቺ ልጅ፣ እኔ ውድድር የለብኝም» አሉኝ። አፈርኩ። አሁን እጠይቃለሁ፤ ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው? ነገ ጠዋት ሲነሱስ ስንት ሆኖ ያድራል? አድሮ ካልጨመረ እንቀጥላለን። አድሮ ከጨመረ እንቀንሳለን።

አበበ ቢቂላን እናንሳ። ሮምን በባዶ እግሩ፣ በፈረንጆቹ 1960፤ ቶኪዮን በ1964፣ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1969 የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። አከርካሪው ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ወሰዱት። ያን ሆስፒታል ያስታወቀው ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ሐኪም ነው። ከሱ በፊት አከርካሪው የተቆረጠ ሰው አልጋ ላይ ይተዋል፤ ጀርባው ይቆስላል፣ ኩላሊቱ ይመረዛል፣ ይሞታል። ጉትማን «ይነሳ፣ ቀስት ይወርውር፣ ኳስ ይጫወት» አለ። በ1948 ታማሚዎቹን በቀስት አወዳደረ፤ 16 ነበሩ። ያቺ ውድድር አድጋ ነው ፓራሊምፒክ የሆነችው። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተካሄደው የት ነው? ሮም! በ1960፣ በመስከረም፣ አበበ ማራቶን ባሸነፈ በሳምንቱ፣ እዚያው ከተማ።  አበበ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እነዚያ ሰዎች ወደተነሱበት ሆስፒታል በአልጋ እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር?

እግሩ አልተመለሰም። ይህን አልደብቅም፤ የእኛ ሥራ ሁሌ እግር አይመልስም። እጁ ግን በረታ። በ1970 ስቶክ ማንድቪል ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በማግሥቱ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በረዶ ላይ! የሸዋው የጃቶ መንደር ልጅ! እኔ እዚህ ጋ ሁሌ እንባ ይመጣኛል፤ እለፉልኝ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። በእኛ ቋንቋ ጉልበት ማለት ምንድን ነው? ይኸው፣ ይህ መገጣጠሚያ። ደግሞም ኃይል። «ጉልበቴ ከዳኝ» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እማማ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የዕድሜ ነው፣ መገጣጠሚያው ሳስቷል። ልጆቻቸው «እማዬ አትነሺ፣ ቁጭ በይ፣ እኛ አለን» ይላሉ። ፍቅር ነው። ግን እማማ ሲቀመጡ የጭናቸው ሥጋ ሟሸሸ፤ ጭን ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ወደቀ፤ ሕመሙ ባሰ፤ ስለባሰ አሁንም ተቀመጡ። ይህን ክብ ከየት ነው የምትቆርጡት?

ከመደቡ ላይ። «እማማ፣ ከመደቡ ይነሱና ይቀመጡ፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን» አልኳቸው። ሳምንት ቆይቼ ጠየቅሁ። «ኧረ ረሳሁት ልጄ!» ሌላ ሳምንት። «ረሳሁት!» ተናደድኩ። ለመሄድ ስነሳ ግን «ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። አቦል ተቀዳ። ቶና ተቀዳ። እዚህ ላይ ሳለሁ በራልኝ። ሦስት ዙር! እኚህ ሴት ቡና አይረሱም፤ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱም!

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አቦል ላይ ዐሥር፣ ቶና ላይ ዐሥር፣ በረካ ላይ ዐሥር።» ሳቁ። ግን አደረጉት። መጀመሪያ በክንዳቸው መደቡን እየተደገፉ፣ ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ እየያዙ፣ ከሦስት ወር በኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው። አሁን ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ቤቱን ብታዩት ጸሎት ቤት ይመስላችኋል። (ሳቅ) ባለፈው ሚካኤልን በእግራቸው ደርሰው መጡ።

ወጌሻ ላይ አንድ ቃል ጨምሬ እዘጋለሁ። የእኔ ወጌሻ ብልህ ነበሩ፤ የማይነኩትን ያውቁ ነበር። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም። እጁ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ጣቶቹ የጠቆሩ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ወላጆች፣ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ አታሳድሩት። ፍቱት። በዚያች ሰዓት ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሦስተኛ… ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? አስተባባሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። በሩጫ ነው እንግዲህ።

ከነዚያ 22 ልጆች ዛሬ በሩጫ የሚኖሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ እኮራባቸዋለሁ። ሃያዎቻችን ግን ሌላ እንጀራ ፈለግን። ትምህርቱን ያልጣለው ቶሎ አገኘ። እኔ ጥዬው ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና መጀመሪያ ወደቅሁ፤ ዓመት ቁጭ ብዬ ባዮሎጂና ፊዚክስ አጥንቼ በሁለተኛው አለፍኩ። ፊዚዮቴራፒ የሚፈልግ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ይያዝ። ስፖርት ሳይንስም ደግ ትምህርት ነው፤ አሰልጣኝ ያደርጋል፤ ግን ከፊዚዮቴራፒ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን ሳትለዩ ፎርም አትሙሉ። ስትገቡ 206 አጥንት በስሙ ትሸመድዳላችሁ። አስከሬን ታያላችሁ፤ የመጀመሪያ ቀን እኔ ወጥቼ አስመልሻለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሻለሁ። ሰው መንካት ታፍራላችሁ፤ ይለመዳል። እስከዚያው ድረስ ደብተር ያዙ። የሮጣችሁትን፣ የተኛችሁትን፣ የበላችሁትን፣ ያመማችሁን ጻፉ። የሚያክማችሁ ሰው ስታገኙ ያን ደብተር ስጡት፤ ግማሹን ሥራ ጨርሳችሁለታል።

ሴቶች፣ የወር አበባችሁንም እዚያው ጻፉ። ሦስት ወር ከቀረ ለአሰልጣኛችሁ፣ ካፈራችሁ ለእናታችሁ፣ ካፈራችሁ ለእኔ ንገሩኝ። አሰልጣኞች፣ አንዲት ልጅ መጥታ ስትነግራችሁ እንዳትስቁ። አደራ።

ጨርሻለሁ። ወረቀቴ ላይ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሁላችሁም ተነሱ።

ተነሱ እንጂ! አባቶችም። ጫማ ያላችሁ አውልቁ። አባ፣ እርስዎ የፊት ወንበሩን ይያዙ፤ ሁለት ጣት ብቻ ያሳርፉ፣ እንዳይደገፉት። እናንተ ልጆች ምንም አትይዙም። ቀኝ እግራችሁን አንሱ። 30 ሰከንድ ነው። የወደቀ አይቀመጥም፤ እንደገና ያነሳል። አትሳቁ፣ ሳቅ ይጥላል።

አሰልጣኝ፣ እርስዎም ይነሱ፤ አይቻለሁ።

እሺ፣ ቁጠሩልኝ። አንድ… ሁለት… ሦስት…